በበዓል ቀን የተለካው አዳራሽ

የጥርን ጠዋት የማያውቅ ሰው ደብረ ማርቆስን አውቃለሁ አይበል። ውርጩ ሣሩን ነጭ አልብሶት ያድራል፤ ሰው ሲናገር ከአፉ እንፋሎት ይወጣል፤ ጣት የያዘውን አይለይም። በዚያው ቀን ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ደግሞ ቆርቆሮው ይግልና ከሥሩ ያለ ሰው ጋቢውን የት እንደሚጥለው ይቸግረዋል። ደጋና ቆላን በአንድ ቀን የሚያፈራርቅ አገር ነው። ለሰው ይኸ ምንም አይደል፤ ሲበርደው ይደርባል፣ ሲሞቀው ያወልቃል። የደስታነሽ ጭንቀት ግን ጋቢ የማይደረብለት አዳራሽ ነበር።

ደስታነሽ የአናጢዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ናት። ቫርኒሽ ስትቀባ ያደገች፣ እሷ የቀባችው ጠረጴዛ ፊት ያሳያል የሚባልላት ሴት። በየሰፈሩ፣ በየጎጆው ተበትነው ይሠሩ የነበሩትን አናጢዎች ደጃቸው ድረስ እየሄደች፣ አንዱን በእልህ፣ አንዱን በልመና፣ አንዱን በሚስቱ በኩል አሳምና፣ ወደ የጁቤ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለ አሮጌ የእህል መጋዘን ሰበሰበቻቸው። ትልቅ መጋዝ በጋራ ተከሉ፤ ለብቻቸው አይተውት የማያውቁትን ትልልቅ ሥራ በጋራ ያዙ። ለመግባት ያስቸገሯት አያ ትዕዛዙ ነበሩ። አያ ትዕዛዙ ወንበር ሠሪ ናቸው፤ ከማኅበሩ ሰው ግማሹ መጋዝ አያያዝ የተማረው ከሳቸው ነው። እሳቸው ገቡ ሲባል ያመነታ የነበረው ሁሉ ተከትሎ ገባ። ደስታነሽም ይኸን አትረሳም፤ እሳቸውን ተከትሎ የገባ እሳቸውን ተከትሎ ይወጣል።

መጋዘኑ ግን ለእህል እንጂ ለሰው አልተሠራም። ጣሪያው ሩቅ ነው፤ ትንሽ ሙቀት ቢገኝ እንኳ ወደ ላይ ወጥቶ ከወፎቹ ጋር ይቀመጣል። ጠዋት ኮላው አይይዝም፤ ዛሬ የተጣበቀ ወንበር ነገ እግሩን ዘርግቶ ይገኛል። እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ከቆርቆሮው በሚወርደው ወላፈን ቫርኒሹ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ውኃ ይቋጥራል። ሰዎቹም ቀስ በቀስ ጠዋት ጠዋት በቀድሞ ጎጇቸው እየሠሩ፣ አየሩ ሲለዝብ ብቻ ብቅ ማለት ጀመሩ። ማኅበር እንዲህ ነው የሚፈርሰው፤ በጠብ አይደለም፣ አርፍዶ በመምጣት ነው።

አንድ ቀን አያ ትዕዛዙ የተላቀቀ ወንበራቸውን በአንድ እጃቸው አንጠልጥለው ወደ ደስታነሽ መጡ።

«ሞቃት ጎጆዬን ትቼ ሜዳ ላይ ልሠራ መጣሁ» አሏት። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸ ነው። ስሚኝ ልጄ፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ እኔ በባዶ ሆዴ ይኸን ብርድ አልችልም። እስከዚያ አዳራሽሽ ከሞቀ ሞቀ፤ ካልሞቀ እኔ ወደ ጎጆዬ ነኝ።»

ቁጣ የለባቸውም፤ እንዲያውም በሐዘኔታ ነው ያሉት። ያስፈራትም እሱ ነው። የተቆጣ ሰው ይበርድለታል፤ ያዘነ ሰው ግን ከተነሣ አይመለስም።

ከዚያ ቀን በኋላ ደስታነሽ ከሙቀትና ከቅዝቃዜ ሌላ ወሬ አጣች። ለቅሶ ቤት ሄዳ እንኳ የጣሪያውን ከፍታ በዓይኗ ስትለካ ትያዛለች። መጀመሪያ ያገኘችው ሀይለመለኮትን ነው፤ ከአዲስ አበባ የሚመላለስ የማሽን ነጋዴ። ጠዋት ሞቃት፣ ቀን ቀዝቃዛ አየር የሚተነፍስ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነጭ ማሽን በስልኩ አሳያቸው። አናጢዎቹ መጋዛቸውን ጥለው፣ የሙሽራ ፎቶ መጣ እንደ ተባለ ዘመድ፣ አንዱ በአንዱ ትከሻ ላይ ተንጠላጠሉ። ደመላሽ የሚባለው ቀልደኛ፣ የእሱ ሚስት ግን ጠዋት አቀዝቅዛው ቀን እንደምታነደው ተናግሮ ሰዉን ሁሉ አሳቀ።

ወሬው ከተማ ገባ። ምስጋናው የሚባል ብረት በያጅ ሰምቶ ከተፍ አለና እሳት በደጃቸው ተቆልሎ እያለ ለምን መብራት ይለምናሉ ሲል ጠየቀ። እሳት ያለው የእንጨቱን ብናኝ፣ ሰጋቱራውን ነው። በርሜል ውስጥ መሐሉ ላይ ወፍራም እንጨት አቁሞ፣ ዙሪያውን ሰጋቱራ ጠቅጥቆ፣ እንጨቱን ነቅሎ ከሥር ቢለኩሱት፣ ሳይንቦገቦግ ረፋዱን ሙሉ እየጋመ ይቆያል አላቸው። ከዚያ ወዲያ አዳራሹ ለሁለት ተከፈለ። የመብራት ወገንና የሰጋቱራ ወገን። የመብራቶቹ ሰጋቱራዎቹን ጭሳሞች ይሏቸዋል፤ የሰጋቱራዎቹ ደግሞ መብራት በጠፋ ቁጥር ዘወር ብለው ይመለከቷቸዋል፤ መመልከታቸው ይበቃል። ሰው ጠዋት መምጣት የጀመረው ለክርክሩ ሲል ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ደስታነሽ ልቧ ሁለቱንም ወደደ። ማን ያስታርቅልኝ ብላ ስታስብ መምህርት ሳራ ትዝ አለቻት። ሳራ ከሐዋሳ መጥታ በዩኒቨርሲቲው ምሕንድስና የምታስተምር ናት፤ የመጽሐፍ መደርደሪያ ከማኅበሩ አሠርታ ደንበኛ ሆናለች። ጉዳዩን ስትሰማ ዓይኗ በራ። አዳራሹ ምን ያህል እንደሚበርድና ሙቀቱ በየት እንደሚወጣ ሳይለካ ማሽን መምረጥ እንደማይቻል ነገረቻት። አናጢዎቹ ይኸን ሲሰሙ ወደዷት፤ ሳይለካ የማይቆርጥ ሰው የነሱ ወገን ነውና።

የቀረው ቀን መምረጥ ነበር። እዚህ ላይ ነው ደስታነሽ የተሳሳተችው። በሥራ ቀን እንግዳ ብታመጣ መጋዙ ይጮኻል፣ ብናኙ ያለብሳቸዋል፣ እነ ደመላሽ ይቀልዳሉ፤ አሳፍረው ይገድሉኛል ብላ ፈራች። ስለዚህ ጥር ሃያ አንድን መረጠች፤ አስተርዮ ማርያምን። በዚያ ቀን በጎጃም መጋዝ የሚነካ አናጢ የለም። ማየትና መለካት ደግሞ ሥራ አይባልም ብላ ራሷን አሳመነች። ዋዜማውን አዳራሹን አስጠረገች። የኮላውን ማሞቂያ ትንሽ እሳት አስጠፋች። በበዓሉ ጠዋት ከቅዳሴ እንደ ወጣች፣ በነጭ ልብሷ፣ በቀጥታ ወደ መጋዘኑ ሄዳ፣ መኪና የሚያስገባውን ትልቁን በር ግራና ቀኝ ወለል አድርጋ ከፈተችው። እንግዳ እየመጣ በር ገርበብ አድርጎ መጠበቅ በእሷ አገር ነውር ነው።

ሳራ ከነመሣሪያዋ፣ ሀይለመለኮት ከነስልኩ መጡ። አዳራሹ ተጠርጎ፣ ጭር ብሎ፣ ነፋሱ በአንዱ ወገን ገብቶ በሌላው ሲወጣ አገኙት። ሳራ ጃኬቷን እስከ አገጯ ዘጋች። እየለካች፣ እየጻፈች፣ ምሰሶው ላይ የሰቀለችውን ሙቀት መለኪያ እያየች ፊቷ ጠቆረ።

«አዳራሹ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» ብላ ጠየቀች።

ደስታነሽ የተጠየቀችው ስለ ንጽሕናው መሰላት። «ሁልጊዜ እንዲሁ ነው» አለች፣ በኩራት።

የሳራ ሂሳብ በማግስቱ መጣ። እንዲያ ያለውን አዳራሽ ለማሞቅ የሚያስፈልገው ማሽን ብዛት የሰፈሩ ትራንስፎርመር የሚሸከመው አልነበረም። በሰጋቱራም ቢሆን የምድጃው መዓት ግቢውን ይሞላል። ሀይለመለኮት ራሱ ስልኩን ኪሱ ከተተና፣ ይኸን ብሸጥላችሁ መብራት ኃይል እኔንም እናንተንም ያባርረናል ብሎ በሐቅ ተናገረ። ሳራ አዝና፣ ሙቀት መለኪያዋን እንኳ ምሰሶው ላይ ረስታ ሄደች። የመብራት ወገንም የሰጋቱራ ወገንም ክርክሩን ተወ። አያ ትዕዛዙ መሮዎቻቸውን አንድ በአንድ በጨርቅ መጠቅለል ጀመሩ።

ሰኞ ሆነ። መጋዙ ይጮኻል፣ መዶሻው ይወርዳል፣ ኮላው እሳቱ ላይ ይንፈቀፈቃል። ደስታነሽ የሳራን መለኪያ ልትመልስላት ከምሰሶው ስታወርደው ዓይኗ ቁጥሩ ላይ አረፈ። ሳራ በበዓሉ ቀን ጮክ ብላ ያነበበችው አልነበረም፤ ከዚያ በጣም ከፍ ያለ ነው። ተበላሽቷል አለች በልቧ። ይዛው ደጅ ወጣች፤ ወረደ። ይዛው ገባች፤ ቀስ እያለ ወጣ። እንደገና ወጣች፣ እንደገና ገባች። ደመላሽ አይቷት፣ ሊቀ መንበራችን ጸበል እያዞረች ነው ብሎ ለጎረቤቱ ሹክ አለ። ጎረቤቱ ለጎረቤቱ። ሁሉም ተሰብስቦ መለኪያውን ከበበ፤ ሰዉ ሲከበው ደግሞ ቁጥሩ ጭራሽ ከፍ አለ።

ያን ጊዜ ነው የበራላት። ዙሪያዋን አየች። ይኸ ሁሉ ሰው፣ ይኸ ሁሉ ትንፋሽ፣ የሚግል ሞተር፣ የኮላ እሳት። በበዓሉ ቀን ይኸ ሁሉ አልነበረም። በሩስ? በሩን ወለል አድርጋ የከፈተችው ማን ሆነና።

ወደ ጓሮ ሮጣ ስልኳን አወጣች። ሳራን ሁልጊዜ እርስዎ ነበር የምትላት፤ የዚያን ቀን ግን ምላሷ ቀደማት።

«አንቺ ልጅ፣ አዳራሹን የለካነው ባዶውን ነው» አለች።

«እንዴት ባዶውን?»

«ማርያም ነበረች። ሰው አልነበረም፤ መጋዙም ቆሞ ነበር። በሩንም ለእናንተ ክብር ብዬ እኔ ነኝ የከፈትኩት። በሥራ ቀን ይዘጋል።»

ልትቆጣኝ ነው ብላ ዓይኗን ጨፈነች። ሳራ ግን መሳቅ ጀመረች፤ እየሳቀች፣ በሩን መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፣ ለኔ የተከፈተ መሆኑን መቼ አውቄ አለች። «አንድም ሰው ሥራውን እንዳያቆም። በሩን ዝጉልኝ፤ መጣሁ።»

ባጃጁ ከመቆሙ ሳራ ወረደች። አሁን ልኬቱ ሌላ ሆነ። አናጢዎቹ እንደ ወትሮው ሥሩ ተብለዋል፤ ነገር ግን ፎቶ እንደሚነሣ ሰው ሁሉም ደረቱን ነፍቶ ነው የሚልገው። ሳራ ቁጥሯን ባየች ቁጥር ከንፈሯን እየነከሰች ትስቃለች። ከፊተኛው ሂሳብ ብዙው ቀልጧል። የቀረው ጠላት በየቀዳዳው የሚገባው ነፋስ ነው አለች፤ እሱን ካገኘነው ነገሩ አለቀ። በምን እናግኘው? ደስታነሽ ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን የበዓሉን የጧፍ ቁራጭ ፈታች። ሰጋቱራው በአካፋ ከግድግዳው ሥር ተገለለ፤ አንድ ሰው በባልዲ ውኃ ይዞ ቆመ፤ ጧፉ ተለኮሰ።

ከዚያ የሆነው እንደ ዑደት ነበር። ደስታነሽ ከፊት ጧፍ ይዛ ግድግዳውን ዳር ዳሩን ትሄዳለች፣ ሳራ ትከተላለች፣ ከኋላ ማኅበሩ በሙሉ። ነበልባሉ ቀጥ ካለ ያልፋሉ፤ ካጎነበሰ ይቆማሉ፣ ቀዳዳው ይፈለጋል፣ ደመላሽ በጠመኔ መስቀል ያደርግበታል። ነበልባሉ ባጎነበሰ ቁጥር ከኋላ ሁካታ ይነሣል። አያ ትዕዛዙ ከሰልፉ አልገቡም፤ ቦታቸው ቆመው በጎን ያያሉ። ጧፉ የሳቸው መሥሪያ ጠረጴዛ ጋ ሲደርስ ግን ወደ ታች፣ ወደ ጉልበት ትክክል ስታወርደው፣ እልም ብሎ ጠፋ።

አያ ትዕዛዙ ጎንበስ አሉ። እጃቸውን ሰደዱ። ከግድግዳው ቆርቆሮ ሥር ክንድ የሚያስገባ ክፍተት አለ።

«ይኸ ነው ለካ ጉልበቴን የበላው» አሉ። ቀና ብለው ደስታነሽን አዩ፤ ሳቃቸውን ጥርሳቸው ሊይዘው አልቻለም። «እኔ አዳራሹን ስረግም ጠላቴ ከጠረጴዛዬ ሥር ተኝቷል።»

መስቀል የተደረገበት ቀዳዳ ሁሉ በጣውላ ተደፈነ፤ ከዚያ ወዲያ ነፋሱን እንዴት እንዝጋው የሚለውን ክርክር የመሩት እሳቸው ሆኑ። ከሁሉ ይልቅ ሙቀት የሚያፈሰው ትልቁ በር ነው፤ አንድ ሰው ለመውጣት መኪና የሚያስወጣ በር ይከፈታል። እሱን ለኔ ተዉት ብለው፣ ከትልቁ በር ሆድ ውስጥ ትንሽ የሰው በር ቆርጠው አወጡ። ያለ ማጠፊያ ድምፅ የሚዘጋ፣ ወረቀት የማያስገባ በር ነው። አላፊ አግዳሚው እየገባ ይዘጋዋል፣ ይከፍተዋል፤ እሳቸው ከሩቅ ሆነው ያላዩ ይመስላሉ።

እሑድ ጉባኤው ተቀመጠ። የመብራት ወገን አንድ ጥግ፣ የሰጋቱራ ወገን አንድ ጥግ። ሳራ አዲሱን ሂሳብ አቀረበች። ጠዋትን የምስጋናው ምድጃ ይችለዋል፤ ነገር ግን እሳትና ብናኝ አንድ ጣሪያ ሥር አያድሩምና ምድጃው ከግድግዳው ውጭ፣ ለብቻው በጡብ ቤት ይሠራ፤ ወደ አዳራሹ የሚገባው በብረት ቧንቧ የሞቀው አየር ብቻ ይሁን አለች። እኩለ ቀኑን ደግሞ ጣሪያው ጫፍ ላይ ዝናብ የማያስገባ መተንፈሻ ይከፈትለት፤ ቆርቆሮው ከሥሩ ኮርኒስ ይልበስ። ይኸኔ የመብራት ወገን ተከፋ። ከእነሱ ጥግ ተቀምጦ የነበረው ሀይለመለኮት ተነሣና ጉሮሮውን ጠረገ።

«መተንፈሻው ላይ ሙቀቱን የሚስብ ፋን ያስፈልጋል» አለ። «ትንሽ ነው፤ መብራታችሁ ይችለዋል። ትልቁን ልሸጥ መጥቼ ትንሹን ልሸጥ ነው፤ ምን ይደረግ።»

ሳቁ የሁለቱም ጥግ ነበር። እጅ ሲወጣ ደስታነሽ መቁጠር አላስፈለጋትም፤ ያልወጣ እጅ የለም። የአያ ትዕዛዙ ብቻ ዝግ ብሎ፣ ከሁሉ ኋላ ወጣ። እሳቸውም ሲያወጡ፣ መጀመሪያ ሲሠራ ልየው የሚል ቃል ጨመሩ።

ሥራው እንደ ሠርግ ዝግጅት ሆነ። ምስጋናው በግቢው ብልጭታውን ሲያዘንብ ይውላል፤ አናጢዎቹ ከሥራቸው መልስ ጣሪያ ላይ ወጥተው ኮርኒሱን ይመታሉ፤ ሳራ ተማሪዎቿን አምጥታ ቧንቧው የት እንደሚታጠፍ ታስተምራለች። ቅበላ ገባ። ሌላው ከተማ ስለ ሥጋ ሲያወራ የማኅበሩ ሰው ስለ ቧንቧ ያወራል።

የቅበላው ሳምንት ሳያልቅ፣ ውርጩ ባልለቀቀበት አንድ ጠዋት፣ ምድጃው ተለኮሰ። ሰው ሁሉ ከቧንቧው አፍ ፊት መዳፉን ዘርግቶ ቆመ። መጀመሪያ ምንም የለም። ምስጋናው ከውጭ ሮጦ ገብቶ እሱም መዳፉን ዘረጋ። ከዚያ ለስለስ ያለ፣ ከከብት ትንፋሽ የማይለይ ሙቀት ወደ ጣታቸው መጣ። ደመላሽ እንኳ ቀልድ ጠፋው። ረፋዱ ላይ የተጣበቀውን ወንበር አያ ትዕዛዙ አንሥተው መሬት ላይ ጣሉት፤ ነጠረ እንጂ አልተላቀቀም። እኩለ ቀን ላይ ፋኑ ሲነሣ ወላፈኑ በጣሪያው ጫፍ ሹልክ ብሎ ሲወጣ ተሰማ። ደስታነሽ አዲስ የቀባችውን ጠረጴዛ ጎንበስ ብላ በጎኑ አየችው። ውኃ የቋጠረ ነገር የለበትም።

ደስታዋን ሳትጨርስ ከኋላዋ ጠብ ሰማች። ቧንቧው አፍ አጠገብ ማን ይቀመጥ ነው። አንዱ በዕድሜ፣ አንዱ በብርድ በሽታው፣ አንዱ ጣሪያ ላይ ባሳለፈው ቀን ይከራከራል። ትናንት ጠዋት ለመምጣት የሚለመኑ ሰዎች ዛሬ በቦታ ተናነቁ። ደስታነሽ ጥቂት ተወቻቸው፤ ያን ጠብ መስማት ጣማት። ኋላ ግን ዕጣ ይጣል አለች።

እንደ አገሩ ወግ እያንዳንዱ የራሱን ምልክት ባርኔጣ ውስጥ ጣለ፤ ማን ምስማር፣ ማን የእርሳስ ቁራጭ፣ ማን ቁልፍ። አያ ትዕዛዙ ቁራጭ የዋንዛ እንጨት ጣሉ። የማን የማን እንደ ሆነ የማታውቀው ሳራ ዓይኗን ጨፍና እንድታወጣ ተደረገ፤ ከቧንቧው አጠገብ ካለው ቦታ ተጀመረ። የመጀመሪያው ምልክት የደመላሽ ሆነ፤ መሬቱን ሳመ። ምስማሩ ወጣ፣ ቁልፉ ወጣ፣ እርሳሱ ወጣ። ዋንዛው አይወጣም። ደስታነሽ በልቧ እመቤቴን ለመነች። በመጨረሻ ከባርኔጣው አንድ ምልክት ቀረ፤ ከአዳራሹም አንድ ቦታ ቀረ፤ በሩ አጠገብ ያለው።

ሁሉም አያ ትዕዛዙን አየ። ደስታነሽ የራሷን የቫርኒሽ ጥግ ልትሰጣቸው አፏን ስትከፍት፣ ደመላሽ ቀድሟት ቦታዬን ይውሰዱ አለ። እሳቸው እጃቸውን ወዘወዙ፤ ዕጣ አይሻርም ማለታቸው ነው። ወደ መሥሪያ ጠረጴዛቸው ሄደው አንዱን ጫፍ ያዙ።

«ምን ትቆማለህ፣ ያን ጫፍ አንሣ» አሉት ደመላሽን።

ተሸክመው ወደ በሩ ሄዱ። ደስታነሽ ከኋላ ታያለች። ወደ ጎጆዬ ነኝ ያሉት ቃል በጆሮዋ አለ። በሩ ጋ ደረሱ። አያ ትዕዛዙ ቆም አሉ፣ መዳፋቸውን ወደ ትንሹ በር ጠርዝ አስጠግተው ነፋስ ፈለጉ፤ ከዚያ ጠረጴዛውን ከግድግዳው አላቀው አስቀመጡት፣ መጋዝ ሲስቡ ክንዳቸው ግድግዳውን እንዳይነካ።

«አያ ትዕዛዙ፣ እዚያ አይበርድዎትም?» አለች ደስታነሽ።

«በሩን የሠራሁት እኔ» አሉ፣ መሮዎቻቸውን ከጨርቁ እየፈቱ። «ቢነፍስብኝ ማንን ልወቅስ ነው?»